ሰልፉን ያጠፉት ጋሼ ተክሉ

ጋሼ ተክሉ ማረፋቸውን የነገረኝ እንደ እኔው የትራክ ሾፌር የሆነው ከድር ነው። ኢስተን በሚባለው የገበያ ሰፈር ካሉት ትልልቅ ሱቆች በአንዱ ጀርባ ዕቃ እያራገፍኩ ሳለ ኮል አደረገልኝ። ከድር ቀልድ ጣል ሳያደርግ ሁለት ዓረፍተ ነገር አይናገርም። የዚያን ቀን ግን፣ «ጋሼ ጠዋት አረፉ። እትዬ ስንዱ ንገረው ብለውኝ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋው። እኔ ማራገፌን ቀጠልኩ። የጀመረውን ሥራ አቋርጦ የሚያዝን ሰው ቢያዩ ጋሼ ተክሉ ይቆጡ ነበር።

በቀብራቸው ላይ ብዙ ጥሩ ነገር ተነገረ። ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ ተባሉ። ደግነታቸው እውነት ነው። ትሕትናው ግን ውሸት ነው፤ የወደብ ነገር ከተነሣ ማንንም አያስናግሩም ነበር። የተነገረው ሁሉ ስለ ማንኛውም ሽማግሌ ሊነገር የሚችል ነው። የማውቀውን እንደ አቅሜ ልጻፍ ብዬ የተነሣሁት ለዚህ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ የቀረውን በራሴ እያነበብኩ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ አጻጻፌ ባያምር አንባቢ ይታገሠኝ። ታሪኩ ውስጥ የእኔም ጥፋት አለበት። ልጆቼን ስለ እውነት መናገር ስገሥጽ ኖሬ ያንን ዘልዬ ማለፍ አልችልም።

የምንኖርባት የአሜሪካ ከተማ ኮሎምበስ ባሕር የላትም። በመርከብ ተጭኖ የመጣ ኮንቴይነር ከባሕር ዳር ከተሞች በባቡር ተጎትቶ፣ ከከተማችን በስተደቡብ ወዳለ ሰፊ ግቢ ይገባል። እዚያ ክሬን አንሥቶ ትራክ ላይ ያስቀምጠዋል። እኛ ሾፌሮች ደግሞ ወደየመጋዘኑና ወደየሱቁ እናደርሰዋለን። የግቢው በር ላይ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ የመስታወት ክፍል ነበረች። ጋሼ ተክሉ እዚያች ውስጥ ሆነው የሚገባውንና የሚወጣውን ኮንቴይነር ቁጥር የሚያመሳክሩ ሠራተኛ ነበሩ።

መጀመሪያ የተገናኘነው በረዶ በጣለበት ጠዋት ነው። በሩ ፊት ከተሰለፉት ትራኮች መካከል ሞተሬን አስነሥቼ፣ ማሞቂያውን ከፍቼ ጋደም ብያለሁ። የጋቢናው በር በጣት ጀርባ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ዞር ስል በካፖርታቸው ላይ ቢጫ የሥራ ሰደርያ የደረቡ፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የተላጩ ሽማግሌ ቆመዋል። ሐበሻነቴን ከፊቴ አውቀውት ነበርና ሰላምታቸውም በአማርኛ ነበር።

«እንደምን አደርክ። ሞተሩን አጥፋው።»

«ብርድ ነው እኮ ጋሼ።»

ከመንገዱ ማዶ በተርታ ወደተሠሩት ትናንሽ የእንጨት ቤቶች በአገጫቸው ጠቆሙኝ። «እነሱም ጋ ብርድ ነው። በዚያ ላይ ያንተ ጭስ አለባቸው።»

አጠፋሁት፤ ግን ተናደድኩ። ከኋላዬ ወዳለው ትራክ ሄደው እንደዚያው ሲያንኳኩ በመስታወቱ አየኋቸው። ሰልፉን በሙሉ አዳረሱት። ይህ የሥራቸው ድርሻ አልነበረም። ማንም አላዘዛቸውም። የሚያመሰግናቸው ቀርቶ በየቋንቋው የሚሰድባቸው ነው የበዛው። አንዳንዱ ሾፌር እሳቸው አጠገቡ ሲደርሱ ያጠፋና ሲያልፉት መልሶ ያስነሣል። ድምፁን ሲሰሙ ሳይቆጡ ይመለሱና እንደገና ያንኳኳሉ።

በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበሩ። ከአሰብ ከወጡ በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ቆይተው፣ ዲቪ ሲደርሳቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ ስንዱ ጋር እዚህ መጡ። ልባቸው ግን ከዚያ ክሬን ላይ አልወረደም። የድሮውን እያነሡ የሚቆዝሙ ሰው እንዳይመስሏችሁ። እሳቸው የሚያወሩት ወደፊት ስለሚመጣው ወደብ ነው። ሌላው ሰው በስልኩ ፖለቲካና ቀልድ ሲያይ እሳቸው ስለ ወደብ ያነባሉ። በምሳ ሰዓት እዚያች ክፍል ደጃፍ የተገኘ ሾፌር መስማት ግዴታው ነው። የቆመ መርከብ መብራቱንና ማቀዝቀዣውን ለማሠራት ብሎ ሞተሩን ሲያነድ እንደሚውል፣ አሁን ግን ከየብስ ወፍራም የኤሌክትሪክ ገመድ ተዘርግቶለት እንደ ቤት ፍሪጅ ሶኬት ላይ እንደሚሰካ የነገሩን እሳቸው ናቸው። አዲሱ ክሬን ኮንቴይነር ሲያወርድ ከክብደቱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለሚቀጥለው ማንሻ እንደሚያጠራቅምም ነግረውናል። ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ተክለው ማዕበል የሚያበርዱ ወደቦች አሉ ሲሉን ከድር አላምንም ቢል ፎቶውን አሳይተውታል። ይህን ሲናገሩ ሁለት እጃቸው የማይታየውን የክሬን መሪ ይገፋል፣ ይስባል።

አንድ ቀን ከድር፣ «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኛ ጋ ወደብ የለ» አላቸው።

«ወደብ ማለት ባሕር አይደለም። ዕቃ ከአንዱ ተሸካሚ ወርዶ ሌላው ላይ የሚወጣበት ሁሉ ወደብ ነው።»

«እና መርከቡ የታለ?»

«የተቀመጥክበት ምንድን ነው?»

«ትራክ።»

«እሱ ነው መርከቡ። የጠፋው ካፒቴኑ ነው።»

ከድር ይህን ቀልድ ከዚያ በኋላ የራሱ ፈጠራ አስመስሎ ለሰው ሁሉ ሲነግር ሰምቼዋለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግባቸው ግን የመጠበቅ ነገር ነበር። አሰብ ላይ ከክሬኑ ጫፍ ሆነው ባሕሩን ሲያዩ፣ መርከቦች ከሩቅ እየተሽቀዳደሙ ይመጡና መልሕቅ ጥለው ቀናት ይቆሙ ነበር። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይራገፋልና ሁሉም ይቸኩላል። ለመቸኮል ነዳጅ ያነዳል። ከደረሰ በኋላ ደግሞ ለመቆም ያነዳል። «ያንን መርከብ ገና መካከል ባሕር ላይ ሳለ፣ ቦታህ የሚለቀቀው ሐሙስ ነው፣ ቀስ እያልክ ና፣ ብንለው ምን ነበረበት?» ይሉ ነበር። «ሬዲዮ ነበረን እኮ። ያጣነው መነጋገር ነው።» አሁን በዓለም ላይ ያሉ ጎበዝ ወደቦች ይህን በኮምፒውተር ማድረግ መጀመራቸውን ሲያነቡ የልጅ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር ደስ ያላቸው።

እትዬ ስንዱ የዚህን ነገር ሌላውን ጎን ያውቁታል። የሠራተኞቹ ሰፈር ነፋሱ ከመርከቦቹ በኩል የሚመጣበት ላይ ነበር። አሰብ በኖሩበት ዘመን ነጭ ልብስ ገዝተው እንደማያውቁ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ጥላሸት ሳይነካው ደርቆ እንደማያውቅ አንድ ጊዜ ነግረውኛል። ሳላቸው የጀመረው እዚያ ነው። ሐኪሞች ይህ ከዚያ መጣ ብለው አልተናገሩም። ጋሼ ተክሉ ግን በልባቸው ቆርጠው ጨርሰው ነበር።

አሁን ስለ እኛ ስለ ሾፌሮቹ ልናገር።

ግቢው ይከፈታል ከተባለበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድመን እንመጣ ነበር። ማንም አላስገደደንም፤ ልማድ ነው። የሚዘገይ ወንድም ካለ ወረፋ እንይዝለታለን። በትራኮቻችን መካከል ክፍተት ትተን እንቆምና፣ ሲመጣ ከኋላው ያለው እየጮኸም ቢሆን እናስገባዋለን። ከቤት የያዝነውን እንካፈላለን። የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተበት ይጽናናል፣ ሥራ ያጣ ሥራ ይጠቆማል። ከድርና ሌሎቹ ሙስሊሞች ሲጾሙ እኛ ምግባችንን ደብቀን እንበላለን። እኔም እዚያ ስለ ልጅ አስተዳደግ አስተምር ነበር። ሾፌሮቹ ስሜን ትተው «የኔታ» ይሉኛል፤ ለክብር አይደለም። ያ ሰልፍ ለእኛ ሰፈራችን ነበር። ይህን ሁሉ ሰዓት ግን ግማሾቻችን ሞተሩን አስነሥተን ነው የምንጠብቀው።

ጋሼ ተክሉ አንድ ደብተር ነበራቸው። እያንዳንዱ ትራክ መቼ እንደመጣና መቼ እንደገባ ለረጅም ጊዜ ሲጽፉበት ኖረዋል። ያንን ይዘው ወደ ግቢው ሥራ አስኪያጅ ወደ ዳና ሄዱ። ዳና ሰው ሲያናግራት ሌላ ነገር የማትሠራ፣ ቁም ነገረኛ አሜሪካዊት ናት። ደብተሩን ሁለት ቀን አቆይታ መለሰችላቸው። ከጥቂት ወራት በኋላ ኩባንያው ለሦስት ወር የሚሞከር አሠራር አወጣ። ሾፌር በስልኩ አፕ ላይ የግማሽ ሰዓት አፖይንትመንት፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ይይዛል፤ በዚያች ግማሽ ሰዓት ይመጣል፣ ጭኖ ይሄዳል። ለሙከራ ስለሆነ የሚጠየቀው የስልክ ቁጥርና የትራክ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ሰልፍ የለም፣ የቆመ ሞተር የለም። ከተሳካ ይጸድቃል፣ ካልተሳካ ወደ ድሮው እንመለሳለን ተባለ። ጋሼ ተክሉ ያን ሰሞን አዲስ ጫማ ገዝተው ነበር።

እኔ ተቃወምኩ። ቴክኖሎጂ የድኻ እንጀራ ይነጥቃል ብዬ ሰልፉ ላይ ሰበክሁ። በኋላ ግን፣ ወንድሞቼ በአፑ ግራ ሲጋቡ አይቼ ልርዳቸው አልኩ። ይህን እንደ በጎ ሥራ ነበር የቆጠርኩት። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ የነገው አፖይንትመንት ሲከፈት፣ እኔ ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ። ለራሴና ለሰባቱ ባልደረቦቼ እይዛለሁ። ከድር ጠዋት ይመጣ ይሆናል፣ ካልሆነም በምሳ ሰዓት ይመጣል፤ ስለዚህ ለማንኛውም ሁለቱንም እይዝለታለሁ። ለሁሉም እንደዚያው። ስምንት ሰው፣ አሥራ ስድስት ቦታ። ወረፋ መያዝ ለእኛ የወንድምነት ወግ ነው፤ በስልክ ቢያዝ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ ነገሩ ተበላሸ። አፑ ጠዋቱ ሞልቷል ይላል። ቦታ ያጡ ሌሎች ሾፌሮች ያለ አፖይንትመንት መጥተው መንገዱ ላይ ይቆማሉ። ግቢው ውስጥ ደግሞ ክሬኑ ሥራ ፈትቶ ይቆማል። ሰልፉ ከድሮው ባሰ። ማዶ ያሉት ሰዎች አቤቱታ አስገቡ። ዳና ሙከራው ሳይሳካ እንደቀረና ሐሙስ ዕለት በሾፌሮች ስብሰባ ላይ እንደምትዘጋው ለጋሼ ነገረቻቸው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ጠሩኝ። ከቤክስሊ ሰፈር ወዲያ ባለ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር የሚኖሩት። እትዬ ስንዱ ሻይ አስቀመጡልንና ወደ ጓዳ ገቡ። ጋሼ ደብተሩን ገልጠው ከአንድ ከታተመ ወረቀት ጋር ፊቴ ዘረጉት።

«ይህ የስልክ ቁጥር ያንተ ነው?»

«አዎ።»

«በቀን አሥራ ስድስት ቦታ ትይዛለህ።»

«ለወንድሞቼ ነው ጋሼ።»

«ወንድሞችህ በግማሹ አይመጡም።»

«ካልመጡ ባዶ ይሆናል እንጂ ማንን ይጎዳል?»

ይህን እንዳልኩ መሳቅ ጀመሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ዕድሜዬን ሙሉ መርከቦችን ስረግም ኖርኩ» አሉኝ። «ለካ የምረግመው አንተን ነው።»

እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢቆጡኝ መልስ ነበረኝ። እሳቸው ግን ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ወሰዱት። ትራኩን እንደቆጠሩ፣ ሰዓቱን እንደቆጠሩ፣ ለወንድሙ ቦታ የሚይዝ ሰው መኖሩን ግን ስንት ዓመት በዓይናቸው እያዩ ዕቅዳቸው ውስጥ እንዳላስገቡት ነገሩኝ። ከዚያ ሐሙስ ስብሰባው ላይ ይህን ራሴ ለዳና እንድናገር ጠየቁኝ። አፑ ላይ ቦታውን የያዘውን ሰው የሚያሳየው የስልክ ቁጥሩ ብቻ ነው። እሳቸው ቁጥሩ የማን እንደሆነ ለአለቃ አይናገሩም። ሰው አሳልፎ መስጠት አልወዱም። ላስብበት ብዬ ተነሣሁ።

መኪናዬ ጋ ስደርስ እትዬ ስንዱ ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ተከትለውኝ ወርደዋል። ደረጃው አድክሟቸው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቆሙ።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አሉኝ። «ይኼ ነገር ከጸደቀ በሩን የሚከፍተው ካሜራ ነው። የእሱ ክፍል ይነሣል። አልነገረህም አይደል?»

አልነገሩኝም ነበር።

«እኔ የምታከመው በእሱ ኢንሹራንስ ነው። መንግሥት ለአረጋውያን ለሚሰጠው ሕክምና ዕድሜዬ ገና ነው። ተናገር አትናገር አልልህም። እንድታውቀው ብዬ ነው።»

ቤቴ እስክደርስ ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ዝም ብል ሙከራው ይዘጋል፤ ጋሼ ሥራቸው ላይ ይቆያሉ፣ እትዬ ስንዱ መድኃኒታቸውን አያጡም፣ እኔም አላፍርም። ብናገር ሦስቱም ይፈርሳል። ለመዋሸት እንዲህ ያለ ደግ ምክንያት አግኝቼ አላውቅም። እውነት ተናገሩ እያልኩ ሰው ስገሥጽ፣ እውነት እኔን ብዙ አስከፍላኝ አታውቅም ነበር። ያን ሰሞን ነው ይህን የተረዳሁት።

ማክሰኞ ለልጄ ለሊያ፣ ሌላ ሰው ላይ የደረሰ አስመስዬ ነገርኳት። ሊያ እዚህ የተወለደች ናት፤ በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ቀና ብላ አየችኝና፣ ይህን ያደረገችው እሷ ብትሆን ስልኳን ለአንድ ወር እወስድባት እንደነበር አስታወሰችኝ። ከዚያም ያ ሰው አንተ ነህ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

በማግሥቱ ጋሼን ክፍላቸው ደጃፍ ላይ አገኘኋቸውና ክፍሉ እንደሚነሣ ለምን አልነገሩኝም አልኳቸው።

«አይመለከትህማ።»

«እትዬ ስንዱስ?»

አንድ ትራክ መጣ፤ ቁጥሩን አመሳክረው አስገቡት።

«ከስንዱ ጋር ተነጋግረናል» አሉኝ ተመልሰው። «ተናዳብኛለች። እውነቷን ነው። ግን አንተ ንገረኝ። የስንዱን ሳንባ ላሳክም ብዬ እነዚህ ሰዎች ሳንባ ላይ ጭስ ስለቅ ልኑር? ይህንን አውቄ እዚህች ክፍል ውስጥ እንዴት እቀመጣለሁ?»

«ሌላ ሥራ ባያገኙስ?»

«አላውቅም» አሉ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አየሁ። ጀግና መስለው ሊታዩኝ አልሞከሩም። ይህን በተለይ የምጽፈው፣ ቀብራቸው ላይ የተናገሩት ሰዎች ጋሼ ምንም የማይፈሩ አድርገው ስላወሩ ነው። ፈርተው ነበር።

ሐሙስ የሾፌሮቹ ማረፊያ አዳራሽ ሞላ። ዳና ግድግዳው ላይ ሥዕላዊ መግለጫ አብርታ፣ ሙከራው ለምን እንዳልሠራ ማስረዳት ጀመረች። እጄን አነሣሁ። እንግሊዝኛዬ ከመንጃ ፈቃድ መጽሐፍ የተማርኩት ነው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር አልተዘጋጀም። ቆሜ ስልክ ቁጥሬን አነበብኩ። ጠዋቱን የሞላሁት እኔ ነኝ አልኩ። ለስምንት ሰው በቀን ሁለት ሁለት እንደያዝኩ፣ ግማሹ ባዶ እንደሚቀር፣ አሠራሩ ሳይሆን እኔ እንዳበላሸሁት ተናገርኩ። ከኋላ ከድር በአማርኛ፣ «የኔታ፣ የእኛን ስም እንዳትጠራ ብቻ» አለ። ሐበሾቹ ሁሉ ሳቁ። ቀጥሎ ግን ራሱ ተነሣና፣ ተይዞለት ካልመጡት አንዱ እሱ መሆኑን በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ።

ዳና ለአንድ ሰው ከአንድ በላይ እንዳይያዝ ቢከለከል ይበቃ እንደሆነ ጠየቀች። ያኔ ነው ጋሼ ተክሉ የተነሡት። መከልከሉ አይበቃም አሉ። እነዚህ ሰዎች አንዱ ለሌላው ቦታ መያዝ አይተዉም፤ ስለዚህ በአፑ ላይ አንድ የሚነካ ቁልፍ ይጨመር፣ መምጣት ያልቻለ ሾፌር ቦታውን ለመረጠው ሰው በአንድ ንክኪ ያስተላልፍ፣ የሚቀበለው ከሌለ ለሁሉም ይከፈት። ዲዛይኑንም ራሳቸው በደብተራቸው ላይ ሥለውት ነበር። ገልጠው አሳዩ። ወረፋ መያዛችንን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገቡልን። ብዙ ስለ ቴክኖሎጂ ያነበብኩ ነኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ግን ሰውን ከነልማዱ የሚቀበል ማሽን ሊሠራ እንደሚችል ጠርጥሬ አላውቅም።

ዳና አንድ ወር ጨመረች። ቁልፉም ተሠራ። በወሩ መጨረሻ መንገዱ ላይ የሚቆም ትራክ አልነበረም፤ አሠራሩም ጸደቀ። በሁለተኛው ወር ካሜራዎቹ ተተከሉና ለጋሼ ተክሉ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣቸው። ዳና ግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ ልትፈልግላቸው ሞክራ ነበር። አልተገኘም።

የሆነውን ሁሉ ካልተናገርኩ ከስብሰባው በፊት የነበርኩት ሰው ነኝ። ጋሼ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ለኢንሹራንሱ ሲሉ አንድ ግሮሰሪ ውስጥ ሙሉ ሰዓት ተቀጠሩ። ፓርኪንጉ ላይ የተበተነውን ጋሪ እየሰበሰቡ ይገፉ ነበር። ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ጋሪዎቹን የሚሰበስቡበትን መንገድ ለውጠው ደንበኛ ቆሞ እንዳይጠብቅ እንዳደረጉ ሲነግሩኝ ኩራታቸው ያው ነበር። ነገር ግን ብርዱ ጎድቷቸዋል፤ ይህን ያየ ሁሉ ያውቃል። ልባቸው ከሁለት ዓመት በኋላ አቆመ። እትዬ ስንዱ ያን ሁሉ ጊዜ እኔን ሰላም ብለው ያልፉኛል እንጂ አያናግሩኝም ነበር። ለቅሶው ቤት ስገባ ጎናቸው ያለውን ወንበር አሳዩኝ። ቁጭ አልኩ። «ተናድጄብህ ነበር» አሉኝ። «አሁንም አልወጣልኝም። ግን ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ እሱ እዚያች ክፍል ውስጥ ቀድሞ ይሞት ነበር።» የሚያጽናናኝ ቃል መሆኑን እስካሁን አላውቅም። ይዤው እኖራለሁ።

እኔ ግን ጋሼ ተክሉን የማስታውሳቸው ጋሪ ሲገፉ አይደለም። በሩ ላይ የመጨረሻ ቀናቸው የፀደይ ወቅት ነበር። ጭኜ ስወጣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ከፊቴም ማንም የለም። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ።

«ስማ» አሉኝ።

«ምን ልስማ?»

«ዝም ብለህ ስማ።»

ጎን ለጎን ቆምን። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንደኛው ቤት ክፍት መስኮት የሬዲዮ ድምፅ መጣ። የድሮ ዘፈን ነው፤ አንዲት ሴት እቃ እያጠበች ከዘፈኑ ጋር ታንጎራጉራለች። ቃሉ ሁሉ ይሰማል።

ጋሼ ተክሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ቆሜ፣ እነዚህ ሰዎች ሬዲዮ እንዳላቸው አላውቅም ነበር» አሉ።